ተጨማሪ መረጃ፦ በመጠለያ የተወለዱ ልጆችና ዜግነት

ከነጌሌ ቦረና በፊልቱ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው መንገድ በሚደርስበት በዶሎ አዶ አካባቢ፣ ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ለሶማሊያ ስደተኞች አምስት የመጠለያ ጣቢያዎች ተከፍተዋል፤ በእነዚህ ጣቢያዎች ተወልደው ሌላ አገር ሳያዩ ያደጉ ልጆች፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው የውጭ ዜጎች ከሆኑ፣ በሕግ ፊት ኢትዮጵያውያን አይደሉም። ምክንያቱም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 እና የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የትውልድ መርሕን፣ ማለትም ዜግነት ከተወለዱበት ቦታ ሳይሆን ከእናት ወይም ከአባት የሚገኝበትን ሥርዓት የሚከተሉ በመሆናቸው ነው፤ ወላጆቹ ሳይታወቁ በአገሪቱ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ግን ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ እንደ ኢትዮጵያዊ ይቆጠራል።

አዋጁ የውጭ ዜጎች በሕግ ዜግነት የሚያገኙበትን መንገድም ይደነግጋል፤ አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ቢያንስ 4 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረና ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል መሆን ይጠበቅበታል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥብ አማርኛ ግዴታ አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ በነጌሌም በሞያሌም የሚነገሩት አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ይበቃሉ፤ እንቅፋት የሚሆኑት መተዳደሪያ ገቢን የመሳሰሉት ሌሎች መሥፈርቶች ናቸው።

ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኛ ልጆች ልደት በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥርዓት ይመዘገባል፤ የሚሰጣቸው ምስክር ወረቀት ግን መወለዳቸውን እንጂ ዜግነትን አያረጋግጥም።