አለንጋውን ያልረሱ ወላጆች

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ልጆቻቸውን ቁርኣን ቤት ከመላክ እቤት ማስቀራትን የሚመርጡ ወላጆች ያጋጥሙናል። ምክንያቱን ሲጠየቁ ከሉሑ በፊት አለንጋው ይታወሳቸዋል።

ስጋታቸው ተገቢ ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) 10 ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳልተባሉ ተናግረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ይጠብቃል።

ነገር ግን የፊደላት መኽረጅ በጆሮ ተሰምቶ፣ በአስተማሪ ታርሞ የሚያዝ ነው። በፍርሃት የቀራ አባትም ልጁ ሲሳሳት እጁ ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ አለንጋው ቤት ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ኡስታዙን ቀርባችሁ አነጋግሩ፤ ሳይመታ እንዲያስቀራ ተስማሙ፤ ማታ ከልጁ ጋር ከልሱ። እቤት ለማስቀራት ከወሰናችሁም ተጅዊዱን የሚያርም ሰው ፈልጉ። ልጅ አማና ነው፤ ቁርኣንን ወዶ እንዲያድግ አላህ ያግዘን።