የሞተር መጋዝ ጉልበትና የባር ርዝመት

ደጋ ላይ ባሕር ዛፍ የሚቆርጡ ማኅበራት መጋዙ ሲደክምባቸው ማርሚታውን ይበሳሉ። የድካሙ አንዱ ምክንያት የአየሩ መሳሳት ነው፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ማርሚታው ተበስቶ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ሞተሩ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል። ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል። አንድ መጋዝ ብቻ ላለው ማኅበር ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም። ብልጭታውም ደረቅ ቅጠል ያቃጥላል።

በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፣ ሰንሰለቱም ይሳል። ከዚያ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባር እንድታሳጥሩ እንመክራለን። 50 ሲሲ ሞተር የ60 ሳንቲ ሜትር ባር ይከብደዋል፤ ውፍረቱ 30 ለሆነ ግንድ የ40 ባር ይበቃል። ባሩ ሲለወጥ ሰንሰለቱም በልኩ ይለወጥ። ደጋ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ መጋዙ ወደ ቆላ ሲወርድ እንደገና መስተካከል አለበት።