የሕፃን ፎቶ የማን ነው?



የዛሬው ውይይታችን መነሻ የሙዚቃ አልበም ሽፋን ነው። ስለ ዘፈኑ አንናገርም፤ ጉዳያችን ሽፋኑ ላይ ያለው ልጅ ነው። ለመሆኑ ወላጅ በልጁ ምስል ላይ ያለው ሥልጣን እስከ የት ይደርሳል?

እ.ኤ.አ በ1991 ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ የሮክ ቡድን «ኔቨርማይንድ» የተሰኘ አልበም አወጣ። በሽፋኑ ላይ የአራት ወር ሕፃን ራቁቱን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይታያል። ከፊቱ በመንጠቆ የተንጠለጠለችው የአንድ ዶላር ኖት በኋላ የተጨመረች ናት። ፎቶ አንሺው የቤተሰቡ ወዳጅ ነበር፤ ለወላጆቹ የተከፈላቸውም 200 ዶላር ያህል ነው። አልበሙ ግን በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ልጁ ካደገ በኋላ የመዋኛ ቁምጣ ለብሶ ያንኑ ፎቶ ደግሞ የተነሳባቸው ጊዜያት አሉ። እ.ኤ.አ በ2021፣ በ30 ዓመቱ ግን፣ ምስሉ ለወሲባዊ ብዝበዛ አጋልጦኛል ሲል ክስ መሠረተ። ተከሳሾቹ በበኩላቸው በፎቶው ዝና ሲጠቀምበት ኖሯል ብለው ተከራከሩ። በ2022 ክሱ ጊዜው አልፏል ተብሎ ተዘጋ፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መልሶ ከፈተው። በሴፕቴምበር 2025 ዳኛው ምስሉ ሕፃን ገላውን ሲታጠብ ከሚነሳ የቤተሰብ ፎቶ የሚለይ አይደለም፤ የብልግና ምስል ሊባል አይችልም ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉት።

ልብ እንበል፤ ፍርድ ቤቱ የመለሰው «ወንጀል ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። «ተገቢ ነበር ወይ?» የሚለው ለእኛ ለወላጆች የቀረ ጥያቄ ነው። የዚያ ሕፃን ወላጆች ክፉ አስበው ነበር አንልም። የወዳጅ ሥራ ነው፣ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው ብለው ፈቀዱ። ፎቶው በሚሊዮኖች ቤት እንደሚገባ ማን ያውቅ ነበር? ትምህርቱም እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው በአንድ ቀን ነው፤ ምስሉ ግን ዕድሜ ልክ ይከተላል።

ከዚህ የከፋም አለ። የጀርመኑ ስኮርፒየንስ ቡድን እ.ኤ.አ በ1976 ባወጣው አልበም ላይ የአንዲት ታዳጊ ልጅ ራቁት ምስል ነበር፤ በበርካታ አገሮች ሽፋኑ በሌላ ተተካ። ሆኖም ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ በብሪታንያ ያው ምስል ያለበት የኢንተርኔት ገጽ ለቀናት እስከ መታገድ ደረሰ። ልጅቷ ያን ጊዜ አዋቂ ሆናለች፤ ምስሏ ግን ገና ልጅ ነበር።

ነገሩ ከእኛም አገር የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1984 መጨረሻ የእንግሊዝ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ረሃብ ርዳታ ለማሰባሰብ ያወጡት የባንድ ኤይድ ሸክላ ሽፋኑ ላይ፣ በደማቅ የገና ሥዕሎች መካከል የተራቡ ሕፃናት በጥቁርና ነጭ ይታዩ ነበር። ዓላማው በጎ ነበር፤ ገንዘቡም ለርዳታ ውሏል። ይሁንና የተራበ ልጅም ክብር አለው። በጎ ዓላማ ብቻውን የልጁን ፈቃድ አይተካም።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ በ1991 የተቀበለችው፣ ልጅ የግል ሕይወቱ እንዲከበርለትና በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ ይደነግጋል። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ልጅ አማና መሆኑን እናውቃለን። አማና የተቀበለ ሰው ይጠብቃል እንጂ እንደ ራሱ ንብረት አይሸጥም፣ አይለውጥም።

ዛሬ ፎቶ አንሺውም አሳታሚውም በኪሳችን ያለው ሞባይል ነው። ስለዚህ የልጃችንን ፎቶ ለሰው ከመላካችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ዐውራው ተሸፍኗል ወይ? ሲያለቅስ፣ ሲታመም ወይም ሲቀጣ የተነሳ ነው ወይ? የትምህርት ቤቱን ወይም የቤቱን አድራሻ ያሳያል ወይ? ለማስታወቂያ ከሆነ የት የት፣ እስከ መቼስ እንደሚውል በጽሑፍ ተቀምጧል ወይ? ነፍስ ያወቀ ልጅ ከሆነ ደግሞ ራሱን እንጠይቀው፤ «አይሆንም» ካለ እንቀበለው። ገና መናገር ለማይችለው ግን የሚሻለው መቆጠብ ነው። ያልተሰራጨ ፎቶ ነገ ሊሰጥ ይችላል፤ የተሰራጨውን ግን የሚሰበስበው የለም።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።