ማህደረ ትውስታ ሲጨመር ቦታ የሚጠብበት ጊዜ

አንድ መቶ ሚሊዮን ትልልቅ ኢንቲጀሮችን በጃቫ እንያዝ እንበል። እያንዳንዱ 4 ባይት ስለሚፈልግ በተራ ድርድር 400 ሜጋባይት ይበቃል። በአሬይሊስት ስናስቀምጣቸው ግን እያንዳንዱ ቁጥር ራሱን የቻለ የ16 ባይት ኦብጀክት ይሆናል፤ ወደ እርሱ የሚያመለክተው አድራሻም ሌላ 4 ባይት ይወስዳል። ድምሩ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዕቃው ያው ሆኖ ሳለ መጠቅለያው በዛ።

አድራሻው 4 ባይት የሚሆነውም እስከ ወሰን ድረስ ነው። በ4 ባይት መለየት የሚቻለው 4 ቢሊዮን ያህል ቦታ ብቻ ነው፤ ሆትስፖት የተባለው የጃቫ ማስኬጃ ግን ኦብጀክቶችን በየ8 ባይቱ ስለሚያሰልፍ በዚሁ አድራሻ እስከ 32 ጊጋባይት ይደርሳል። እጅግ ብልህ ዘዴ ነው። ወሰኑ ሲታለፍ ግን አድራሻው ሁሉ 8 ባይት ይሆናል።

እንግዲህ ፕሮግራሙ ስለሞላበት ከ31 ወደ 34 ጊጋባይት ከፍ ያደረገ ሰው ምን ያገኛል? ቦታው በአንድ አሥረኛ ያህል ጨመረ፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ወጪ ግን ከ20 ወደ 24 ባይት፣ ማለትም በአንድ አምስተኛ አደገ። ቀድሞ ይገባ የነበረው ዝርዝር አሁን አይገባም። እኔ ብጠየቅ ቁጥሮቹን ወደ ተራ ድርድር ከመመለስ እጀምራለሁ፤ ቆሻሻ ሰብሳቢውም ከመቶ ሚሊዮን ኦብጀክት ይልቅ አንዱን ድርድር ብቻ ይከታተላል።