ሕፃኑን የሚያስተኛው መኪና ሹፌሩንም ያስተኛል

በአሜሪካ የነፃነት በዓል ሰሞን ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ረጅም መንገድ ይወጣሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በተለያዩ ከተሞች የሚያዘጋጀው ዓመታዊ የእግር ኳስ ውድድርና የባህል ዝግጅት የሚውለው በዚሁ ሰሞን ነው። በ2024 ተረኛዋ አስተናጋጅ አትላንታ ነበረች። ከሲልቨር ስፕሪንግ አትላንታ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛት መኪና ነድቶ መሄድ ይረክሳል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ይመርጣል፤ ልጆቹ ተኝተው ያድራሉ፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ በየሃያ ደቂቃው “አልደረስንም?” የሚል የለም።

ልጆቹን በሚመለከት ስሌቱ ትክክል ነው። የሚሳተው ሹፌሩ ላይ ነው።

ሕፃን መኪና ውስጥ ለምን ቶሎ እንደሚተኛ ሳይንስ በደንብ ያውቃል። በጃፓኑ የሪከን የምርምር ተቋም ኩሚ ኩሮዳና ባልደረቦቻቸው በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያለቅሱ ሕፃናትን እናቶቻቸው አቅፈዋቸው ለአምስት ደቂቃ ሲራመዱ ልቅሶው ቆመ፤ ግማሽ ያህሉም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ተመራማሪዎቹ ከዚያ ቀደም ብለው እናት ይዛው ስትንቀሳቀስ የሕፃኑ የልብ ምት እንደሚረጋጋ አሳይተው ነበር። ልጅ አዝላ እሹሩሩ ያለች እናት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው። የመኪናው ዝግ ያለ ውዝዋዜና የማያቋርጥ ድምፅም ሕፃኑ ላይ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ነገር ግን ይህ ተፅዕኖ በልጅነት ብቻ የሚቀር አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ጎልማሶችን በቀስታ በሚወዛወዝ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ከማይነቃነቅ አልጋ ይልቅ እንቅልፍ ቶሎ እንደሚወስዳቸው አረጋግጠዋል። በ2018 ደግሞ በአውስትራሊያ የአርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ 15 ፈቃደኞችን በሚነዝር የማስመሰያ መኪና መቀመጫ ላይ አስቀምጦ ፈተሸ። በሴኮንድ ከአራት እስከ ሰባት ጊዜ የሚነዝር፣ በተለመደ ጉዞ ላይ ማንም ልብ የማይለው ዓይነት ንዝረት ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ የድካም ምልክት ታየባቸው። በ30 ደቂቃ ንቁ ሆኖ ለመቆየት ግልጽ ትግል ውስጥ ገቡ። ከኋላ ያለውን ልጅ የሚያስተኛው መኪና ከፊት ያለውንም አባት እያስተኛ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ አባትየው መሪ መያዙ ብቻ ነው።

ንዝረቱ ላይ ሰዓቱ ይጨመራል። ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ፣ አንጎል ውስጥ፣ 20,000 ያህል ሕዋሳት ያሉት ጥቃቅን ክፍል አለ። የሰውነትን የቀንና የሌሊት ሥርዓት የሚመራው ይህ ነው። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ፣ የሰውነት ሙቀትም እንዲቀንስ ያደርጋል። ንቃት ከሁሉም ሰዓት አዘቅት የሚገባው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ይህን በቆራጥነት ማሸነፍ እችላለሁ የሚል ሰው የናትናኤል ክላይትማንን ሙከራ ማወቅ አለበት። በ1938 ክላይትማንና ተማሪያቸው ብሩስ ሪቻርድሰን በኬንታኪ ማሞዝ ዋሻ ውስጥ፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት፣ 32 ቀን ተቀምጠው የ28 ሰዓት ቀን ለመልመድ ሞከሩ። ወጣቱ ሪቻርድሰን ለመደው። በእንቅልፍ ምርምር ዘመናቸውን የፈጁት ክላይትማን ግን አልቻሉም፤ የሰውነታቸው ሙቀት ልክ ደጅ እንዳሉ ሁሉ በ24 ሰዓት ዑደት መውጣትና መውረዱን ቀጠለ።

ሁለተኛው ሸክም የንቃት ሰዓት ርዝመት ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ቡና የሚሠራው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። የተጠራቀመውን ግን አያስወግደውም። የሚያስወግደው እንቅልፍ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ጉዞ ላይ እንዴት እንደሚገጥሙ ለማየት የአትላንታውን መንገድ በሰዓት መከተል ይበቃል። ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ሥራ የዋለ አባት ዕቃ ጭኖ፣ ልጆቹን አብልቶ፣ ማታ 3 ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ ይነሳል እንበል። ሪችመንድ ሲደርስ 5 ሰዓት ይሆናል፤ ከነቃ 17 ሰዓት ሞላው። ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ በ1997 “ኔቸር” መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት የነቃ ሰው የዓይንና የእጅ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል መውረዱን አሳይተዋል። ይህ በዩታ ግዛት የሚያስከስስ መጠን ነው። አባትየው ግን ገና አንድ አምስተኛውን መንገድ እንኳ በቅጡ አልጨረሰም። ግሪንስቦሮ አካባቢ 8 ሰዓት ይሆናል፤ አዘቅቱ ይጀምራል። ሻርለትን ያለፈው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ግሪንቪል 11 ሰዓት። እነዚህ በሦስቱ ከተሞች መካከል ያሉ ሰዓታት መንገዱ ጭር ያለ፣ ልጆቹ ድብን ብለው የተኙ፣ እናትየዋም ጋቢና ውስጥ አንገቷን ደፍታ ያሸለበችባቸው ናቸው። ጆርጂያ ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት ሲሆን 24 ሰዓት ሙሉ ነቅቷል። በዚያው ጥናት መሠረት ይህ ከ0.10 በመቶ አልኮል ጋር ይተካከላል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሹፌርን ሰክሯል ብለው የሚይዙት 0.08 ላይ ነው። ይህ አባት አንድ ቢራ ሳይቀምስ አልፎታል።

እንዲህ የደከመ አንጎል ፈቃድ ሳይጠይቅ ለጥቂት ሴኮንዶች ይጠፋል። ዓይን ሊገለጥ ይችላል፤ አንጎሉ ግን ተኝቷል። በሰዓት 70 ማይል የሚሄድ መኪና በአራት ሴኮንድ 125 ሜትር ይጓዛል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ የሚያስታውሰው ያለፈውን መውጫ ምልክት አለማየቱን ብቻ ነው። ወይም ጎማው የመንገዱ ጠርዝ ላይ የተቦረቦረውን መስመር ረግጦ የሚያሰማው ጉርምርምታ ያባንነዋል። ያ መስመር የተሠራው ለዚሁ ነው፤ በፔንሲልቬንያ የክፍያ አውራ ጎዳና ላይ ሲዘረጋ ከመንገድ ወጥቶ የሚደርሰውን አደጋ ከግማሽ በላይ ቀንሶታል። ነገር ግን ድምፁ የተሰማው ሰው እድለኛ ሆነ እንጂ አልነቃም። ወዲያው ቀጣዩ መውጫ ላይ መቆም አለበት።

ለብዙ የዲሲ አካባቢ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ታክሲ፣ ፓርኪንግ፣ ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ወገን ጥቂት አይደለም። “ሌሊት ለምጃለሁ” ማለትም የተለመደ ነው። በ2016 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 16 የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞችን በተዘጋ የሙከራ መንገድ ላይ ለሁለት ሰዓት አስነድተው ነበር። ሌሊት ተኝተው ያደሩ ጊዜ አንድም የከፋ ነገር አልደረሰም። ከፈረቃ ወጥተው ሲነዱ ግን 11 ጊዜ ለግጭት ቀረቡ። የሰባቱ ጉዞ ለደኅንነታቸው ሲባል ከመጠናቀቁ በፊት እንዲቆም ተደረገ። የፈረቃ ልማድ የሰውነትን ሰዓት አልቀየረውም።

የአሜሪካ ሕግ የከባድ መኪና ሹፌር ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቅድም። አባትየው አጠገብ በሌሊት የሚያልፈው ባለ ተሳቢ ሰዓቱ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይቆጠርበታል። ሦስት ልጆች የጫነውን አባት ግን ማንም አይቆጥርበትም። ኒው ጀርሲ በ2003 ያወጣችው የማጊ ሕግ 24 ሰዓት ሳይተኛ ነድቶ ሰው የገደለን በግዴለሽነት ወንጀል ያስከስሳል፤ ሕጉ የተሰየመው 30 ሰዓት ባልተኛ ሹፌር በ1997 በተገደለች የኮሌጅ ተማሪ ነው። ሕግ የሚደርሰው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የፖሊስ መዝገብም ነገሩን አሳንሶ ያሳያል። የትሪፕል ኤ የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን በ2018 የሹፌሮችን ፊት የቀረጹ ካሜራዎችን መርምሮ፣ በመዝገብ አንድና ሁለት በመቶ የሚባለው የእንቅልፍ አደጋ በእርግጥ ወደ 10 በመቶ እንደሚጠጋ አግኝቷል።

መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ? በእንግሊዝ የላፍበራ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጂም ሆርንና ሉዊዝ ሬይነር ሁለቱንም ፈትሸው ጥቅማቸው ለጥቂት ደቂቃ እንደሆነ አይተዋል። የሠራው ሌላ ነው፤ ደኅና ቦታ አቁሞ ሁለት ሲኒ ያህል ቡና ጠጥቶ ወዲያው ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ እንቅልፍ መተኛት። ቡናው ሥራውን ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በዚያ መካከል እንቅልፉ አዴኖሲኑን ያቃልላል። ረዘም ብሎ የተኛ ሰው ደግሞ ሲነሳ ስለሚደነዝዝ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ወርዶ መራመድ ይኖርበታል። ይህም ቢሆን አንድ ሁለት ሰዓት ይገዛ እንደሆነ እንጂ ሌሊቱን አያሻግርም።

ልጆቹስ? በትክክል የታሰረ የልጅ መቀመጫ የሕፃን የሞት አደጋን 71 በመቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላለው ልጅ 54 በመቶ ይቀንሳል። ችግሩ በሌሊት የሚመጣው ርኅራኄ ነው፤ “አንገቱ ተጣመመ” ተብሎ ቀበቶው ይላላል፣ ወይም ልጁ ተፈትቶ እናቱ ጭን ላይ ይጋደማል። የላላ ቀበቶ ሕፃንን ሊያንቀው ይችላል፤ ጭን ላይ ያለን ልጅ ደግሞ በግጭት ሰዓት የማንም ክንድ አይይዘውም። በእንቅልፍ ላይ ሕይወታቸው ባለፈ 11,779 የአሜሪካ ሕፃናት ላይ በ2019 የታተመ ጥናት፣ 348ቱ መቀመጫ መሳይ ነገር ላይ እንደነበሩ፣ አብዛኛውም የመኪና መቀመጫ እንደሆነ አግኝቷል። በመመሪያው መሠረት ይጠቀሙበት የነበሩት ግን ከአሥር በመቶ በታች ነበሩ። ገና አንገቱ ያልጠና ሕፃን አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር ቧንቧው ስለሚጠብ፣ በየሁለት ሰዓቱ አውጥቶ ማንጋለል ግዴታ ነው።

ልጆቹ ተኝተው እንዲጓዙ የሚፈልግ ቤተሰብ ሌላ ሰዓት አለው። ማታ 2 ሰዓት ሁሉም ተኝቶ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሳ፣ ልጆቹ ከነፒጃማቸው መቀመጫቸው ላይ ገብተው ሁለት ሦስት ሰዓት ይተኛሉ፣ ሹፌሩም ከስምንት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ የሚነጋበትን መንገድ ይዟል። የአገር ቤት አውቶቡሶችም ንጋት ላይ ነው የሚነሱት። ማታውን መውጣት የግድ ከሆነ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሪችመንድ ላይ ቆሞ ማደር ነው፤ የሞቴሉ ዋጋ ከመነሻው ከነዳጁ ጋር ይያዝ።

እንግዳ የምትጠብቁ ዘመዶችም ድርሻ አላችሁ። ገንፎው ቀዘቀዘ፣ ሰዉ ተሰብስቧል፣ የት ደረሳችሁ እያላችሁ በሌሊት አትደውሉ። ዓርብ ከመነሳታቸው በፊት ደውሉና “መንገድ ላይ አድራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ” በሏቸው።