ሳንጃ የሚሞቀው ለፀሐይ ቀርቦ ነውን?

ሙቀት የሚመጣው ለፀሐይ ከመቅረብ ነው የሚለው እምነት በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ 4,533 ሜትር ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን ከቆላዋ ከተማ ከሳንጃ ይልቅ በጋለ ነበር። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከዚህ ርቀት አንጻር የአንድ ተራራ ቁመት ከቁጥር አይገባም። እንዲያውም መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፤ ደባርቅንና ዳባትን ሌሊት ውርጭ የሚመታቸውም ያኔ ነው።

አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው ከበታቹ ያለው መሬት ነው። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ መሬቱም በተራው አየሩን። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ክብደት ይቀንስለትና ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። ደጋና ቆላን የለየው ይህ ነው።

ይኸው ልዩነት የወባንም ድንበር ያሰምራል። ብዙዎች ግን ወባ ከቆላ አየር ይመጣል፣ እሸት በቆሎና ሸንኮራ የበላም ይያዛል ይላሉ። ወባ የሚይዘን ፕላዝሞዲየም በተባለ፣ በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተዋሲያን ነው፤ አስተላላፊዋም ሴቷ አኖፌሌስ ትንኝ ናት። ተዋሲያኑ በትንኟ ሆድ ለማደግ ሙቀት ይሻል፤ ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱ ይገታል። ደጋውን የጠበቀው ብርዱ እንጂ የአየሩ ንጽሕና አይደለም። ብርዱም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ወደ ደጋማ ቦታዎች ወጥቶ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል።

ስለ እሸቱ የሚባለውን ግን በችኮላ ባንንቀው እወዳለሁ። እሸት የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃ በየጉድጓዱ ተኝቶ ትንኝ በሚራባበት ወቅት ነው። ከዚህም ያለፈ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከበቆሎው አናት የሚረግፈው የአበባ ብናኝ ውሃው ላይ ሲያርፍ ለትንኝ እጮች ምግብ ይሆናል፤ እጮቹም ቶሎ ያድጋሉ። በጎጃም ቡሬ አካባቢ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች ወባ እጅግ በርትቶ ተገኝቷል። ወላጆቻችን በቆሎና ወባ አብረው መምጣታቸውን በትክክል አይተዋል፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። እሸት የበላ ሰው በመብላቱ ወባ አይይዘውም።

ቢልሃርዚያም እንዲሁ ነው። በሳንጃ ከተማ ትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች በሽታው በልጆች ላይ ተስፋፍቶ አግኝተውታል። ብዙ ሰው የወንዝ ውሃ ከመጠጣት ይመስለዋል። ዋናው መንገዱ ግን ቆዳ ነው፤ ከቀንድ አውጣ የወጣው የትሉ እጭ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ወይም ውሃ የሚሻገረውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ልጅም ወንዝ ውስጥ ከዋኘ አላመለጠም። ቀንድ አውጣውን እንዶድ እንደሚገድለው በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እናንተ ከደጋ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላ የምትወርዱ፣ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ። ትኩሳት ከጀመራችሁም ምን በልቼ ነው እያላችሁ አትቆዩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።