በሥራ ላይ ያለን ኮምፒዩተር ከትእዛዝ መስመር ስለ መመርመር

1. መግቢያ

አንድ ኮምፒዩተር ሥራው በዘገየ ጊዜ ከተጠቃሚዎች ዘንድ በቅድሚያ የሚሰማው አስተያየት «መሣሪያው አርጅቷልና አዲስ ይገዛልን» የሚል ነው። አስተያየቱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ በልኬት ካልተደገፈ ግምት ከመሆን አያልፍም። መዘግየት የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል ብሎ መድኃኒት ማዘዝ እንደማይገባ ሁሉ፣ የዘገየን ኮምፒዩተር ሁሉ ምክንያቱን ሳይመረምሩ መለወጥ የሕዝብን ገንዘብ ያለ አግባብ ማባከን ይሆናል።

ጉዳዩ ለትምህርት ሥራ ያለው ክብደት ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒዩተርም ተሰጥቷል። ሰዓት በተወሰነበት ፈተና ላይ መሣሪያው ቢዘገይ፣ የሚባክነው ደቂቃ የተፈታኙ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተርን አቅም በሥራ ላይ ሳለ መመርመር ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ምርመራው ከትእዛዝ መስመር እንዴት እንደሚካሄድና የሚገኙት ቍጥሮች እንዴት እንደሚተረጐሙ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

2. የትእዛዝ መስመር ስለ ምን ተመረጠ?

የትእዛዝ መስመር ማለት ተጠቃሚው ትእዛዙን በፊደል ጽፎ መልሱን በፊደልና በቍጥር የሚቀበልበት ዘዴ ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ሥራው ከተጀመረው ከዩኒክስ የተወረሰ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ ይከተላል። ዘዴው ሦስት ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ ሥዕል ስለማያሳይ በመመርመር ላይ ባለው መሣሪያ ላይ የሚጨምረው ሸክም አነስተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ደካማ በሆነ የኔትዎርክ መስመር እንኳ ከሩቅ ሆኖ ለመሥራት ያስችላል። ሦስተኛ፣ መሣሪያዎቹ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

3. የምርመራው መሠረት

ኮምፒዩተር ሥራውን የሚያከናውነው በአራት ዋና ዋና ሀብቶች ነው፤ እነርሱም ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትዎርክ ናቸው። የዘርፉ ባለሙያ ብሬንዳን ግሬግ ባስፋፋው ዘዴ መሠረት ስለ እያንዳንዱ ሀብት ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ሀብቱ ምን ያህል በሥራ ተይዟል? ተራ የሚጠብቅ ሥራ አለ ወይ? የተመዘገበ ስሕተት አለ ወይ?

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥያቄ መካከል ያለውን ልዩነት በወፍጮ ቤት ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢፈጭ፣ ባለቤቱ ይደሰታል እንጂ አያዝንም። ችግሩ የሚጀምረው እህል ይዘው የቆሙት ሰዎች ሰልፍ እየረዘመ ሲሄድ ነው። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው፤ ተጠቃሚውን የሚያስመርረው የመሣሪያው በሥራ መያዝ ሳይሆን የሰልፉ መርዘም ነው።

4. ዋና ዋናዎቹ ትእዛዞች

ሀ. አፕታይም። ይህ ትእዛዝ የሥራውን ጫና በሦስት ቍጥሮች ይገልጻል፤ ቍጥሮቹም ያለፈውን 1 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃና 15 ደቂቃ ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ከሦስተኛው ከበለጠ ጫናው እየጨመረ፣ ካነሰ ደግሞ እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ቍጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከፕሮሰሰሮች ብዛት ጋር ሲነጻጸር ነው። ጫና 4 አንድ ፕሮሰሰር ላለው መሣሪያ ከባድ ሲሆን፣ 8 ፕሮሰሰር ላለው ግን ቀላል ነው። በሊኑክስ ዘንድ ይህ ቍጥር ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ከዲስክ መልስ የሚጠብቁትንም የሚጨምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በምሳሌያችን ሲታይ፣ ወፍጮው ፊት የቆመው ብቻ ሳይሆን እህሉ ከጎተራ እስኪወጣለት የሚጠብቀውም ይቈጠራል።

ለ. ቪኤምስታት። ከስሙ ቀጥሎ 1 ቍጥር ሲጻፍ በየሰከንዱ አንድ ረድፍ ያወጣል። የመጀመሪያው ረድፍ መሣሪያው ከተከፈተ ጀምሮ ያለውን አማካይ ስለሚያሳይ ለአሁኑ ሁኔታ ማስረጃ አይሆንም። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ግን ስንት ሥራዎች ፕሮሰሰር እንደሚጠብቁ፣ ስንቶቹ በዲስክ ምክንያት እንደቆሙ፣ በሜሞሪና በዲስክ መካከል ስለሚደረገው ዝውውር እንዲሁም የፕሮሰሰሩ ጊዜ በምን እንዳለፈ በመቶኛ ይታያል።

ሐ. ፍሪ። የሜሞሪን ይዞታ ይገልጻል። ጀማሪዎች «ባዶ» የሚለውን ቍጥር አይተው ሲያንስባቸው ይደነግጣሉ። ሊኑክስ ግን ሥራ የፈታውን ሜሞሪ ከዲስክ የተነበቡ ፋይሎችን ለማቆየት ይጠቀምበታል፤ በተፈለገም ጊዜ ይለቅቀዋል። ስለዚህ መታየት ያለበት «ሊገኝ የሚችል» የሚለው ዓምድ ነው።

መ. ቶፕ። እ.ኤ.አ. በ1984 በዊሊያም ለፌቭር የተጻፈ ሲሆን፣ የትኛው ፕሮግራም ብዙ ሀብት እንደሚወስድ በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ዝርዝሩንም በየጥቂት ሰከንዱ ያድሳል።

ሠ. ፐርፍ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሊኑክስ ጋር የተካተተ ሲሆን፣ ከፕሮግራሙ አልፎ የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል ጊዜ እንደሚፈጅ ይገልጻል። የሚሠራውም በናሙና ነው። ይኸውም ፕሮሰሰሩን ለምሳሌ በሰከንድ 99 ጊዜ «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ከመልሶቹ ግማሹ አንድን ክፍል ካመለከተ፣ ከፕሮሰሰሩ የሥራ ጊዜ ግማሽ ያህሉ በዚያ ክፍል አልፏል ማለት ነው።

5. ምሳሌያዊ ትንታኔ

4 ፕሮሰሰር ያለው አንድ የትምህርት ቤት ሰርቨር 40 ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ሲያስተናግድ ዘገየ እንበል። አፕታይም 11፣ 6 እና 2 የሚሉ ቍጥሮችን አሳየ። ጫናው ከፕሮሰሰሮቹ ብዛት እጅግ በልጧል፤ የጨመረውም በቅርቡ ነው። እዚህ ላይ የሚያቆም መርማሪ «ፕሮሰሰሩ ደክሟል» ብሎ ይወስናል።

ቪኤምስታት ሲታይ ግን ፕሮሰሰር የሚጠብቀው ሥራ 1 ብቻ ሲሆን በዲስክ ምክንያት የቆሙት 9 ናቸው። ፕሮሰሰሮቹ በትክክል የሠሩበት ጊዜ ከመቶ 15 ብቻ ነው፤ ከመቶ 70 የሚሆነው ዲስክን በመጠበቅ አልፏል። ከዚህም ጋር በሜሞሪና በዲስክ መካከል የማያቋርጥ ዝውውር ይታያል። ፍሪም ሊገኝ የሚችለው ሜሞሪ ሊያልቅ መቃረቡን ያረጋግጣል። እንግዲህ ሰርቨሩ ያጠረው ሜሞሪ ነው፤ ሜሞሪው ስላልበቃውም በእጅጉ የሚዘገየውን ዲስክ በምትኩ እየተጠቀመ ነው። ፈጣን ፕሮሰሰር ቢገዛለት አይፈወስም። መፍትሔው በቶፕ አማካይነት ሜሞሪ የሚያባክነውን ፕሮግራም ለይቶ ማስተካከል፣ ካልሆነም ሜሞሪ መጨመር ነው።

በአንጻሩ ፕሮሰሰሮቹ ከመቶ 95 ተይዘው 11 ሥራዎች ፕሮሰሰር የሚጠብቁ ቢሆን ኖሮ፣ ውሳኔው ሌላ በሆነ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ከግዥ በፊት ጊዜውን የሚፈጀውን የፕሮግራም ክፍል በፐርፍ መለየት ይገባል፤ አንድ ጉድለት ያለበት ፕሮግራም አዲሱንም መሣሪያ ሊያጨናንቅ ይችላልና።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በመጀመሪያ፣ ልኬት የሚጠቅመው የጤናማው ቀን መዝገብ ሲኖር ነው። መሣሪያው በደኅና ሲሠራ የተወሰዱ ቍጥሮች በደብተር ተጽፈው ካልተቀመጡ፣ በችግር ቀን የሚታየው ቍጥር ከምን ጋር ይነጻጸራል? ሁለተኛ፣ ከፈተና በፊት የሚደረግ ሙከራ ሁሉም ተማሪዎች በአንድ ጊዜ በሚገቡበት ሁኔታ መካሄድ ይኖርበታል፤ በ5 ተማሪ የተሞከረ ሰርቨር ስለ 40ው የሚናገረው ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ የኮምፒዩተር ግዥ ጥያቄ የሚያቀርብ ትምህርት ቤት በሥራ ሰዓት የተወሰደ ልኬት ከጥያቄው ጋር ቢያያይዝ፣ ውሱን የሆነውን በጀት ይበልጥ ለሚያስፈልገው ለማድረስ ይረዳል። አራተኛ፣ መምህሩ ይህን ምርመራ በክፍል ውስጥ ቢያሳይ፣ ተማሪዎች ግምትን በማስረጃ መፈተን ምን ማለት እንደሆነ በዓይናቸው ያያሉ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ኮምፒዩተር ግን በሽታውን አይሸሽግም፤ በአግባቡ ለጠየቀው ሁሉ በየሰከንዱ ይናገራል። የሚያስፈልገው ጠይቆ፣ መልሱንም አመዛዝኖ የሚወስን ሰው ነው።